ስሙን የማትጠራው

የእንጀራ እናቴን ደጊቱን ከቤታችን ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን ለማንም ብናገር “ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታደርጊ” ይለኛል። ልጅ መሆኔንማ አውቃለሁ። ክፉ ልጅም ነበርኩ። ሁለቱ በአንድ ቀሚስ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሰው ክፉ ለመሆን እስኪያድግ አይጠብቅም።

ዘመኑ 1945 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ወረድ ብሎ ነበር። አባቴ ደገፋ ጃራ ድርቆሽ ነጋዴ ነው። ክረምት ውሃ የተኛበት ሜዳ ጥቅምት ላይ ጠፈፍ ሲል ሣሩን ያሳጭዳል፣ ያስከምራል፣ በትሬንታ ኳትሮ መኪና አስጭኖ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ያወርዳል፤ ለባለ ፈረሶችና ለባለ ላሞች ይሸጣል። ስለዚህ በእኛ ቤት ጥቅምትና ኅዳር አባት የማይገኝባቸው ወራት ነበሩ። ያን ዓመት ደግሞ እናትም አልነበረችም። እናቴ ፀሐይ የከተማ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ጉለሌ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዓምና ኅዳር ላይ አሟት፣ ገና ሳይነጋ በዚያው በድርቆሹ መኪና ሐኪም ቤት ተወሰደች። ወንድሜ ጃራ ተኝቶ ነበር። እንዳይነቃ ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ሲነቃ እናት የለችም። በዚያው ቀረች።

ጃራ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሙ የአያታችን ስም ነው። አያታችን ኦቦ ጃራ በሞቱ በሁለተኛው ወር ስለተወለደ አባቴ የአባቱን ስም ሰጠው፤ እናቴም “ጃራዬ” እያለች ታቆላምጠው ነበር።

እናታችን ከሞተች በኋላ ልጁ ቡራ ከረዩ ማለት ጀመረ። አባቴ ኮቱን ሲያነሳ፣ ጎረቤት “ደህና ዋሉ” ብሎ ሲነሳ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ፣ በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር መሬት ላይ ይዘረራል። ይንፈራገጣል፣ ግንባሩን ያላትማል፣ ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ዛሬ እንዲህ በሩን ለይቼ እጽፈዋለሁ። ያኔ በሩን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው የልጁን አመል ነው።

ለዚህ አመል እያንዳንዱ ሰው የራሱ መድኃኒት ነበረው። አባቴ ከኪሱ ስኳር ያወጣል፤ ስኳሩ ካልሠራ ይጮህበታል፤ ጩኸቱ ካልሠራ ሮጦ መኪናው ላይ ይወጣል። ጎረቤቶች ዓይን በልቶት ነው፣ ጸበል ውሰዱት ይላሉ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ድምፁን እየመሰልኩ አሾፍበታለሁ። በእውነት ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እኔም በዚያው ሌሊት እናቴን አጥቻለሁ፤ ግን መሬት ላይ የመንከባለል ዕድሜዬ አልፏል ተብዬ ነበር።

ደጊቱ በግንቦት መጣች፤ ከተፍኪ ወዲያ ካለ ገጠር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። አባቴ በኦሮምኛ ያናግራታል፤ እኔ ኦሮምኛ እየሰማሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ። የጠላኋት ገና ከበቅሎ ሳትወርድ ነው። “አካም ቡልቴ” ብላ እንዴት አደርሽ ስትለኝ ፊቴን አዞራለሁ። “ኮቱ”፣ ነይ፣ ብላ ስትጠራኝ ወደ ሌላ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ወተት በምትንጥበት ቅል ውስጥ እፍኝ አመድ ጨመርኩበት። ቅሉን አጠበችው፣ በወይራ መልሳ አጠነችው፣ ለአባቴም አልነገረችብኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጠሉት ሰው ዝም ሲል ጥላቻ ማረፊያ ያጣል።

በመጣች በሳምንቷ አባቴ ኮቱን ሲያነሳ ጃራ እንደ ልማዱ ተዘረረ። እኔ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምታደርግ ጠበቅኩ። መጀመሪያ በርጩማውን ከአጠገቡ አነሳች። ቀጥላ ቢላዋውን። ከውጭ አንድ እቅፍ ድርቆሽ አምጥታ ከግንባሩ ሥር ጎዘጎዘችለት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ፊቷን ዘወር አደረገች፣ እንዝርቷን አንስታ ጥጥ መፍተል ያዘች። ጃራ ጮኸ፤ እሷ ፈተለች። ስኳር አልሰጠችም፣ አልተቆጣችም፣ አላባበለችም። ድምፁ ሲሰልል እየተንፏቀቀ ሄዶ ጀርባዋ ላይ ተደገፈ። ያኔ ዞር ብላ የነጠላዋን ጫፍ በውሃ ነክራ ፊቱን ጠረገችለት፣ ውሃ አጠጣችው፣ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ስለሆነው ነገር አንድ ቃል አልተናገረችም።

እኔ ያየሁት የሰው ልጅ እያለቀሰ ጥጥ የምትፈትል ሴት ነው። ለመንደሩ ሁሉ እንዲያ ብዬ አወራሁ። ሴቶቹም “የእንጀራ እናት ምን ታደርግ” እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ስሙ ነው። ደጊቱ ወንድሜን በስሙ ጠርታው አታውቅም። “ጉርባ” ትለዋለች፤ በኦሮምኛ “ልጁ” እንደማለት ነው። ጉርባ ብላ፣ ጉርባ ተነስ፣ ጉርባ ና ከዚህ። ውሻችን እንኳ ስም ነበረው፤ ውሻውን በስሙ ትጠራዋለች። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ ፈተንኳት።

“የወንድሜ ስም ማነው?” አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሌላ ቀን ደግሞ ጃርት ጓሮ ገብቶ ድንቻችንን ቆፍሮ አደረ። ደጊቱ በአማርኛ “እሾሃሙ በላው” አለችኝ።

“ጃርት ነው የሚባለው” አልኳት በንቀት። “ጃርት በይ።”

“እሾሃሙ” አለች ደግማ። ይህችን ትንሽ ቃል እንኳ መያዝ የማትችል ደንቆሮ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም ነገር ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መቀነቷን ፈትታ ለጃራ ትሰጠዋለች። ቁጢጥ ብላ ዓይኑን እያየች “ነን ዴቢአ” ትለዋለች፤ እመለሳለሁ ማለቷ ነው። እሱ መቀነቱን ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ ጫፉን በጡጫው ጨብጦ፣ በረቱ አጥር ሥር ቁጭ ይላል። እስክትመለስ ድረስ አያለቅስም። አለማልቀሱን አስተውያለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነበር። ከዚያ የወጣኝ ሐሳብ ግን “እንዴት ብታስፈራራው ነው” የሚል ነው። ያለ መቀነቷ ሩቅ የምትሄድ ሴት እንደሌለች የሦስት ዓመት ልጅ ሲያውቅ እኔ አላወቅኩም።

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንዱ በጥቅምት አንድ እሑድ ከከተማ መጣች። ጥቁር ጃንጥላ፣ ተረከዙ የሚንኳኳ ጫማ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ። አጥሩ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ጃራን ነው፤ በመቀነት ተጠምጥሞ፣ ለብቻው፣ አቧራ ላይ።

“እንደ ጥጃ አስራው ሄደች?” አለችኝ።

አልታሰረም ማለት እችል ነበር። “አዎ” አልኩ።

እትዬ ስንዱ መቀነቱን ከወገቡ ፈትታ ወዲያ ወረወረችው። ጃራ አበደ። ምን ዓይነት ማበድ እንደሆነ ለመናገር ይቸግረኛል፤ በጀርባው ተንጋሎ በተረከዙ መሬት ይቆፍር ነበር። አክስቴ ዳቦ ሰጠችው፣ ወረወረው። አቀፈችው፣ ነከሳት። ያኔ ፊቷ ተለወጠ።

“ይሄን ጋኔን የምፈውስበት መድኃኒት አለኝ” አለችና ወደ እኔ ዞረች። “ጠጅቱ፣ በገል ፍም አምጪ። በርበሬም።”

አመጣሁ። በደስታ ነው ያመጣሁት። በርበሬውን ፍሙ ላይ ነሰነሰችው፣ የልጁን ማጅራት ይዛ ፊቱን ወደ ጢሱ ደፋችው፣ ነጠላዋን ከላይ አለበሰችው። እኔ ከሁለት ክንድ ርቀት ጉሮሮዬ ሲቃጠል ይታወቀኛል። ከነጠላው ሥር የሚሰማው ድምፅ የልጅ ድምፅ አልነበረም።

ደጊቱን ስትመጣ አላየኋትም። እንስራው ሲሰበር ነው የሰማሁት። ገሉን በእግሯ ገልብጣ፣ ልጁን ነጥቃ፣ ወደ ነፋሱ ይዛው ሮጠች። በእንስራው ስባሪ በተረፈው ውሃ ዓይኑን አጠበችው።

“የእህቴን ልጅ ብቀጣ አንቺ ምን አገባሽ?” አለች እትዬ ስንዱ።

ደጊቱ ቀና አላለችም። “ጢስ ለቅል ነው” አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። “ለልጅ አይደለም።”

አክስቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ ለልጁ ታስቦ ነው ሲሉ ብሰማም፣ እኔ በቦታው ነበርኩ፤ የተጀመረው ከዚህች ቃል ነው። እትዬ ስንዱ መካን ነበረች፤ ባሏ ደግሞ ሌላ ሊያገባ ነው ይባል ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው።

ወደ ድርቆሹ ክምር ወስዳ አስቀመጠችኝ። “የኔ እናት፣ ሁሉንም ንገሪኝ። ሴትዮዋ ምን ታደርገዋለች? ከነገርሽኝ ሁለታችሁንም ከተማ እወስዳችኋለሁ። ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ። እንደዚህ ያለ ጫማ እገዛልሻለሁ።”

ጫማውን አየሁት። “ስሙን ጠርታው አታውቅም” አልኩ።

“ምን?”

“ጃራ ብላው አታውቅም። አንድ ቀንም።”

እትዬ ስንዱ ደረቷን በእጇ ያዘች። “ስሙን እንኳ ተጸየፈችው” አለች። ሌላም ነገር ካየሁ እንዳልደብቃት አስማለችኝና ሄደች። እንግዲህ ሌላ ነገር ማየት ነበረብኝ።

አየሁም። ሰኞ ከሰዓት አባቴ ድርቆሽ አስጭኖ ሄደ፣ ጃራም ጀመረ። እኔ ከቤቱ ኋላ ነበርኩ። ጩኸቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ በመሀል ድርግም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ሮጬ በጓሮ በር ገባሁ። ደጊቱ ጀርባዋን ወደ እኔ አድርጋ ልጁ ላይ ጎንበስ ብላለች። ክርኖቿ ግራና ቀኝ ወጥተዋል። በክንዷ ሥር የጃራ እግሮች ይታያሉ፤ ግትር ብለዋል፣ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ራመድ ስል ከንፈሩን አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ወዲያው ሲቃ የመሰለ ትንፋሽ ሳበና አለቀሰ። ደጊቱ ደረቷ ላይ አስጠግታው እየተወዛወዘች የሆነ ነገር ታጉረመርም ጀመር።

ያየሁት ይህን ነው። ያየሁት ጀርባዋን ነው። እጇ ምን ላይ እንደነበር አላየሁም። የቀረውን የሞላሁት ራሴ ነኝ፤ በምን እንደሞላሁትም አውቃለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ስንዱ ብቻዋን አልመጣችም። የእናቴን አጎት አቶ ወንዳፍራሽን ይዛ መጣች፤ በአንድ ግቢ የጽሕፈት ሥራ ያላቸው፣ ሲናገሩ ጣታቸውን የሚቀስሩ ሽማግሌ ናቸው። በአባቴ ወገን የአያቴ ታናሽ ወንድም ኦቦ ኩምሳ ተጠሩ። ከክምሩ ጥላ ሥር በርጩማ ተደረደረ። ደጊቱ ከቤቱ ደጃፍ ቆመች። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የድርቆሽ አገዳ ይሰባብር ነበር።

እኔን መሀል አቆሙኝ።

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” አሉ ኦቦ ኩምሳ። “ይህችን ልጅ ለምን ታቆሟታላችሁ?”

“ሕፃን ያየውን አይደብቅም” አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። “ተናገሪ ልጄ፤ አትፍሪ።”

አልፈራሁም። የስሙን ነገር አስቀደምኩ፤ ከሁሉ የሚከብድ መስሎኝ። “ስሙን ጠርታው አታውቅም” አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አቶ ወንዳፍራሽ በድንጋጤ ወደ አባቴ ዞሩ። ኦቦ ኩምሳ ግን ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፤ ለአባቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉለት፣ አባቴም ሊስቅ ምንም አልቀረው። “እሱን ተይው፣ ኢንተላ” አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። “እሱ የሴቶች ነገር ነው። እሱ ክስ አይሆንም።”

ፊቴ ጋለ። የሳቁብኝ መሰለኝ። ያን ሳቅ ባይስቁ ኖሮ ቀጥሎ ያለውን እናገር ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሳቃቸው ላይ ማሳበብ ያምረኛል። ግን ያው ነው፤ አፉን የከፈተው እኔ ነኝ።

“አፉን አፍና ይዛው አየሁ” አልኩ። “ሊሞት ነበር። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። እኔ ስመጣ ነው የለቀቀችው።”

ሳቁ ጠፋ። የአባቴ እጅ አገዳው ላይ ቆመ። ኦቦ ኩምሳ ደጊቱን በኦሮምኛ ጠየቋት።

“ሂንጎኔ” አለች። አላደረግኩም። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከንፈሯን አሞጥሙጣ አየሩን እፍ እያለች አሳየቻቸው።

“ትንፋሹ ሲጠፋ ፊቱ ላይ እፍ አልኩበት ነው የምትለው” ብለው ተረጎሙ ኦቦ ኩምሳ።

“ሻይ ነው እንዴ እፍ የሚባልበት?” አለች እትዬ ስንዱ።

አቶ ወንዳፍራሽ ጣታቸውን ቀሰሩ፣ ሕግ አሉ፣ ደም አሉ፣ ዳኛ ፊት እንቅረብ አሉ። አባቴ እኔን አየኝ። “ዓይንሽ ነው ያየው?” አለኝ። “ዓይኔ ነው” አልኩት። አባቴ ሴት ልጁ ትዋሻለች ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ዕድሉ ይኸው ነው። ነገሩ እስኪጣራ ልጁ አክስቱ ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ነገሩን ያጣራ ሰው ኖሮ አያውቅም።

እኔን ሳይወስዱኝ ቀሩ። “ለአንቺም እመለሳለሁ” አለች እትዬ ስንዱ። ጫማው ዛሬም እየመጣ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔ ነኝ፤ የብብቴ የነበረው ግን የራሴ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ዘግይቶ የመጣውን ልናገር፤ ከዚህ በኋላ ቦታ የለውም።

በ1959 አግብቼ ቡራዩ ገባሁ። ባሌ የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ነው። በሠርጉ ማግስት ቡና ላቀርብ ስነሳ የባሌ እህት አያንቱ ጓዳ ጎትታ ወሰደችኝ። “የአባቴን ስም እንዳትጠሪ” አለችኝ። “ለጉ ነው። ያገባች ሴት የአማቷን ስም በአፏ አታወጣም፤ በሕይወት ቢኖሩም፣ ቢሞቱም። ስማቸውን የያዘ ሌላ ሰው ቢኖር በሌላ ትጠሪዋለሽ። ስማቸውን የሚመስል ቃል ካለም ትዞሪዋለሽ።” ያላገባችን ልጅ ለጉ አይመለከታትም፤ እናቴም የከተማ ሰው ስለነበረች አልያዘችውም፤ ስለዚህ ከሱሉልታ መሀል በቅዬ ሳላውቀው አደግኩ። ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒ ሁሉ ሰብሬ ነው የወጣሁት፤ ሠርገኛው እድል ነው ብሎ እልል አለ። የደጊቱ አማት ኦቦ ጃራ ነበሩ። እሾሃሙ። ጉርባ። አፏን በእጇ ይዛ መሳቋ። አማቴን ለማክበር ስል ይኸው ዛሬም ስማቸውን እዚህ አልጽፍም።

በኋላ አያንቱን “ቤቱ ቢቃጠልና እሳቸው ውስጥ ቢሆኑስ?” ብዬ ጠየቅኳት። አሰበችበት። “ሌላ ሰው እስኪጠራቸው እጮሃለሁ” አለች።

የበኩር ልጄ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን በንዴት እያለቀሰ ትንፋሹ ጠፋ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ፣ እግሩ ግትር አለ። ተሸክሜው ሮጬ የደረስኩበት ድሬሰር ተረጋግቶ አየኝ። “ንዴት ነው፤ አይገድለውም” አለ። “ሲጀምረው ስለት ከአጠገቡ አንሽ፣ ጭንቅላቱን እንዳይመታ ለስላሳ ነገር አድርጊለት፣ ከአጠገቡ አትራቂ። ያለቀሰበትን ግን አትስጪው። ትንፋሹ ከጠፋ ፊቱ ላይ እፍ በይበት።” ሁለት ብር ከፈልኩት። ደጊቱ ይህን ሁሉ በነፃ ስታሳየኝ ነበር።

ጃራ ዛሬ ረጋ ያለ ሰው ነው ይባላል። እትዬ ስንዱ “በሁለት ሳምንት በርበሬ አሠለጠንኩት” ስትል ኖራለች፤ እውነቷን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲጮህ የሰማው የለም። ቤቱ ሄጄ ልመለስ ስነሳ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በሩን ዘግቼ እስክወጣ ድረስ አይዞርም። ስለ ደጊቱ አንድ ቀን ጠየቅኩት። “አላስታውሳትም” አለኝ። ወዲያው እጁን አየሁት፤ የኮቱን ቀበቶ ጫፍ ጨብጦ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ማታ፣ ወደ መኪናው ልመለስ።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። ትሬንታ ኳትሮው ድርቆሹን ተሸክሞ ሞተሩ ያጓራል። እትዬ ስንዱ ከፊት ተቀምጣ ጃራን ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ አቶ ወንዳፍራሽ አጠገቧ ናቸው። የመንደሩ ወንዶች ልጆች መኪናውን ከበው ይንጫጫሉ። አባቴና ኦቦ ኩምሳ ከመንገዱ ዳር ቆመዋል፣ ሴቶቹ ከኋላቸው። ደጊቱ ከቤቱ ደጃፍ እንዳትንቀሳቀስ ተነግሯታል። እኔ የአባቴን ኮት ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማሸነፌን እያየሁ።

ጃራ መቀነቱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ነበር የወጣው። እትዬ ስንዱ አየችው። ፈታችውና በመስኮቱ ወደ አቧራው ወረወረችው።

ጩኸቱ ከሞተሩ በላይ ተሰማ። ጨመረ፣ ጨመረ፣ ከዚያ ድርግም አለ። በመስኮቱ በኩል የፊቱን መለወጥ ሁላችንም አየነው። እትዬ ስንዱ ታናውጠው ጀመር፤ ጉንጩን በጥፊ መታችው፤ “ልጁ ሞተብኝ” ትላለች።

ደጊቱ ሮጠች። ነጠላዋ ወደቀ። “ጉርባ” ብላ ጮኸች። ከመኪናው ዙሪያ ያሉ ልጆች ሁሉ ዞር አሉ፤ እሱ አልዞረም። ልጆቹ መንገዱን ዘግተውባታል፤ መኪናው ጋ አልደረሰችም፣ እፍ ልትልበት አትችልም። ቆመች። ኦቦ ኩምሳን አየቻቸው፤ የአማቷን ወንድም፣ ከእሷ ሦስት እርምጃ ላይ። አባቴን አየችው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

“ጃራ” አለች።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ኦቦ ኩምሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት አዩ። እሷ ግን አላቆመችም። “ጃራ፣ ጃራ፣ ጃራ ኮ”፣ ጃራዬ፣ እያለች ጮኸች፤ ድምፅዋ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ማን ያውቃል። ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። ማንም በዚያ ድምፅ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ደረቱ ከፍ አለ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ዓይኑን ከፍቶ አያት። አላለቀሰም። መኪናው ተንቀሳቀሰና ወደ እንጦጦ ዳገት ወጣ።

የአባቴን ኮት ጎተትኩት። “አየህ አባዬ” አልኩት። “ስሙን ታውቀው ነበር እኮ።”

አባቴ ፊቱን ከእኔ አዞረ። ደጊቱ መቀነቷን ከአቧራው አንስታ አራገፈችው። ወገቧ ላይ ታጠቀችው። ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ መኪናው በሄደበት መንገድ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ነን ዴቢአ አላለችም።